ኑን

ቀኑን ሙሉ ብረት ስሞርድ ውዬ፣
የመጋዙን ፉጨት በጆሮዬ አዝዬ፣
ሲመሽ ብቅ ስል ከሙሌ ሰፈር ወርክሾፖች መሐል፣
የሴኡል ሰማይ ዝቅ ብሎ እርሳስ መስሏል።
ፌርማታው ጥግ፣ በበርሜል ስኳር ድንች የምትጠብሰው
ወይዘሮ ማልሱን፣
"ኑን! ኑን!" አለችኝ፤ ድምፅዋ የልጅ ነው።
ቃሏን አውቃታለሁ፤ ክሊኒክ ነው የተማርኳት፣
ቀኝ ዓይኔን የብረት ፍንጣሪ ያገኘው ዕለት።
ኑን ዓይን ነው።
መሐረቤን አውጥቼ፣ "ጭስ ገባብሽ?" ብዬ ተጠጋሁ፤
ሳቀችብኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ላይ ቀና አደረገችው፤
ለካ ኑን ይኼም ነው።

አይዘንብም፤ አይወርድም ማለት ይቻላል፣
በመብራቱ ሥር፣ የሚያርፍበት ትከሻ ያማርጣል።
እኔ የምሞርደው ብናኝ ያቃጥላል፣ ልብስ ይበሳል፤
ላይ ያለው ሞራጅ ግን እጁ እንዴት ይቀላል!

ለእናቴ ደወልኩ። "በረዶ ጣለ" ስላት ደነገጠች፤
"ቆርቆሮው ተበሳ? ባቄላውስ?" አለች።
"ኧረ ድምፅ የለውም።"
"ድምፅ የሌለው በረዶ የለም።
አመዳይ ይሆናል፤ ስሙን አታበላሽ" ብላ ዘጋችው።

አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።
አስፋልቱ ረጠበ እንጂ አልነጣም፤
ማልሱን መጥረጊያዋን እንደያዘች የሚጠረግ አጣች።
አውቶቡስ ውስጥ፣ ሽፋሽፍቴ ላይ የቀረች አንዲት
ኑን፣ ኑኔ ውስጥ ቀለጠች።
አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ያለቀስኩ መሰለው፣
ሶፍት መዞ ሰጠኝ።
ምን ብዬ ላስረዳው?
ተቀበልኩት።