ከብርጭቆው ሥር

በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዬ ሳይፈታ፣
ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ብርጭቆ አንሥታ፣
ገለበጠችና እመቤቲቱ
የጥፍር ቀለሟን፣ ደም የመሰለውን፣
ጠብ አረገች በቂጡ።
እፍ፣ እፍ አለችበት፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣
«ይኼ ያንቺ» አለችኝ።
በቃ።

ክፉ አልነበረችም፤ ይኼን ልመስክር።
ተምር ታካፍለኝ ነበር በጾሙ ወር።
የእናቴ መርዶ የመጣ ለት፣ አብራኝ አልቅሳለች፤
ከዚያ እንባዋን ጠርጋ
«ውኃ ጠጪ» ብላ፣
ያንኑ ብርጭቆ፣ ያንኑን አቀበለች።

«የሺ እመቤት» ብሎ ነው አባቴ የሰየመኝ፤
የሺው ይቅርና፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ሌላ ስም ጠበቀኝ።
ከኔ በፊት የነበረችው ሳሊማ ነበረች፤
ሽርጧም፣ ፍራሿም፣ ስሟም
ተጣጥፈው ቆዩኝ።
በስድስተኛው ወር፣ ወደ አገር ቤት ደውዬ
እኅቴ «ማን ልበል?» ብትለኝ፣
«ሳሊማ» አልሁና
ስልኩን ዘጋሁት።

ዘመን አለፈ። ከዚያ ቤት ወጣሁ።
ማናማ ውስጥ፣ ጉደይቢያ ሠፈር፣
ከልብስ ሰፊው በላይ፣ በስሜ ተከራየሁ።
ውል አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ፣ መስኮት አለኝ
የመንገዱን ጫጫታ ሌሊት የሚያሰማኝ።
ሶፋም ገዛሁ፣ አረንጓዴ፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፤
መሬት ሆኜ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ እንጂ
ወጥቼበት አላውቅ፣ እስከ ዛሬ፣ ለመቀመጥ።

አሳንሰር ሲከፈት፣ ሰው ካለበት ውስጡ፣
እጄ ወደ ኋላ፣ ዓይኔ ወደ ጫማዬ፣
«እናንተ ቅደሙ፣ ውጡ።»
የከለከለኝ የለም።
«ይሸታሉ» ስትል፣ ለእኅቷ፣ በስልክ፣
አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤
ይኸው በዴቶል ታጥቤም እጄን አሸታለሁ።
ሽንኩርት ሳልከትፍ ይሸተኛል ሽንኩርት፣
በገዛ አልጋዬ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት።

ይኼስ ይሁን።
ገበያ ወርጄ፣ መርጬ፣ ተከራክሬ፣
ስድስት ብርጭቆ ገዛሁ በላቤ፣ በብሬ።
ሳምንት ሳይሞላቸው፣ በር ዘግቼ እንደ ሌባ፣
አንዱን ገለበጥሁና
ቀይ ቀለም ነካሁት።
ማን አዘዘኝ?
እሷ እንደሁ ሪፋ ናት፤ ምናልባት ረስታኛለች፤
በገዛ ጭንቅላቴ ግን ወጥ ቤት ሠርታለች፤
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት ቀን፣
እኔ አበስላለሁ፣ እሷ ትቀምሳለች።

ባለፈው ሐሙስ ሙንተሃ መጣች፣ የሐርቡ ልጅ፣
አሠሪዎቿ አስወጥተዋት፣ ልብሷ በአንድ ፌስታል።
ሻይ አፈላሁላት።
እጄ ሳያማክረኝ ሄዶ
ባለ ምልክቱን አነሣላት።
ከሶፋው ጫፍ ቁጢጥ ልትል ስትል
«እዚያ አይደለም! መሬት!» የሚል ድምፅ ወጣ፣
በዐረብኛ፣ በዚያች ሴት ቅላፄ፣
ከኔ ጉሮሮ።
ልጅቱ ወረደች።
ለምን አላለችም። እንዲያውም ቦታዋን ያገኘች መሰለች፣
ትከሻዋ ረገበ።
ያስፈራኝ ይኼ ነው።

ሳልነግራት ዕቃ ልታጥብ ተነሣች።
«እታለም» ስትል ሰማኋት ከቧንቧው ጫጫታ መሐል፣
«አንደኛው ቂጡ ቆሽሾ ነበር፣ ምን እንደነካው እንጃ፤
በጥፍሬ ፍቄ ፍቄ አስለቀቅሁልሽ።»

ስድስቱም ተደፍተው ይንጠባጠባሉ።
አንዱ ከአንዱ አይለይም።
ጠምቶኛል። አንዱን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ፤
ሌላውን አነሣሁ፣ ወደ መብራት አየሁት፣ አስቀመጥሁ።
የኔ የትኛው ነው?
የሰው የትኛው?
ቢቸግረኝ ቧንቧውን ከፍቼ
በእፍኜ ጠጣሁ፣ እስከ ክርኔ ርሼ።
«ኧረ ብርጭቆ ሞልቶ!» ብላ ሳቀች ሙንተሃ፣
ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
ስትስቅ ሶፋው ላይ መውደቋን ልብ አላለችም፤
እኔም አልነገርኋት።

የቀለሙ ጠርሙስ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው።
ትናንት ከፍቼ አየሁት።
አልደረቀም።