ትርፏ ፊደል

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፔዳ ይመጣሉ፣
ቆሮሶ አስጠብሰው ዋርካው ሥር ይጣላሉ።
መምህር እንዳላማው፦ «ሁሉም ነገር ደም ነው፤
ዓባይ ጣናን ሲያልፍ ውሃው መች ተነካው?
ሰውም እንደዚያው ነው፣ እንደገባ ሲወጣ።»
ይበልጣል ይስቃል፦ «ድፍርስ ሆኖ መጣ፣
ጠርቶ ወጣ እንጂ! ደለሉን የት ጣለው?
ውሃን የሚያስተምር ያደረበት ቤት ነው።»
«ማደሪያ የለው ሲባል አልሰማህም?»
«ይዞት የሚዞረውን ግንድስ ከየት አመጣው?»

እኔ ዘይቴን አያለሁ።
የዓባይን መስመር ያሳየኝ ጀልባ ነጂ
እስከ ዛሬ የለም፤ ሁሉም ይምላል እንጂ።

«አንጓች፣ አንቺ ፍረጂ!» አሉኝ አንድ ቀን።
«እንግዲህ ወንድሜ ስንሻው አለላችሁ፤
ዘጌ ቡና ሲለቅም ለጦጣ የሚራራ፣
ጫካው እንዳይሰማው በሹክሹክታ የሚያወራ።
መናኸሪያ ሲቆም፣ ‹ጎንደር! ጎንደር!› ሲጣራ፣
ክንዱ ሰው ይፈልጋል፤
ባለፈው የአንዱን ረዳት ሁለት ጥርስ አራግፏል።»

«ይኸው!» አለ ይበልጣል ሰሃኑን ገፍቶ፣
«ቦታው!»
«ቆይ፣ አባቷስ?» አለ ያኛው ተነሥቶ።
«አባቴም መናኸሪያ ነበር የሚሠራ፤
እጁን እኛም ቤት አውቀነዋል።»
ሁለቱም «ይኸው!» አሉ፣ በአንድ አፍ፣ በአንድ ጊዜ።
ዓሣው አረረብኝ።

ያኔ ነው ሰይድ ከደቅ በኩል ደርሶ
ታንኳውን ከውሃ ያወጣት፣
ዋርካው ላይ ያቆማት፣ እንድትንጠፈጠፍ።
ደንገሉን ጣና ነው ያበቀለው።
ታስሮ ታንኳ ሲሆን ጣና ላይ ተንሳፈፈ፣
ቀኑን ሙሉ ጣናን እየጠጣ ከነፈ፤
ማታ ካላደረቁት እዚያው ጣና ይሰምጣል።
አሁን እዚህ መሃል ደሙ የቱ ነው? ቦታውስ የቱ?
ሰይድን ጠየቅኩት።
«እኔ የማውቀው» አለ፣ «ካላቆምኳት ትበሰብሳለች።
ዓሣ ስጪኝ።»

ማታ የዱቤ ደብተሬ ላይ «ባሕር» ብዬ ጻፍኩ።
የእነሱን ቃል ለማየት «ይ» ጨመርኩበት፦ ባሕርይ።
በአንዲት ትርፍ ፊደል ነው ሰውየው ከሐይቁ የሚለየው፤
እሷም የሥራ ፊደል ናት፦
ይመታል፣ ይምራል፣ ይቀዝፋል፣ ይመለሳል።

ከሥሯ ሌላ «ይ» ጀመርኩ፣ የስንሻውን።
ቀሪውን ሳልጽፍ በሩ ተንኳኳ፤
ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት።