አንድ ማልያ፣ ቁጥር አራት

ዕቃ ቤቱን ስረከብ ሐምሌ ነበር ወሩ፤
ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቃል፣ አይሰማም ንግግሩ።
ወይዘሮ ጌጤነሽ ቁልፏን ከአንገቷ አውጥታ፣
መነጽሯን ደንቅራ፣ መዝገቡን ዘርግታ፣
«ቁጠር እንግዲህ» አለች፣ «ነገ ጡረታዬ ነው፣
የጎደለ ካለ አሁኑኑ እንየው።»

ስድስት ኳስ፣ ትንፋሹ ያለቀ።
አንድ መንፊያ፣ እሱም የተሰነጠቀ።
መረብ፣ አይጥ የቀመሰው፣ ለአንዱ ጎል የሚበቃ፣
(ለሌላው ጎል ሁሌም የዳኛው ዓይን ነው ጠበቃ።)
ዋንጫ፣ አንድ ጆሮው የሌለ፣ በሃምሳ ስምንት የመጣ፤
ከአዘዞ የወረደው የወታደር ቡድን ተሸንፎ ሲቆጣ
ወርውሮት ነው አሉ። ያልነበረ ሁሉ ያወራል፤
ያኔ የተጫወተው ግን ሳቅ ብሎ ዝም ይላል።

«ማልያ» አለች ቀስ ብላ። አረንጓዴ፣ ነጭ ኮሌታ፣
ፒያሳ የተሰፋ፣ ቁጥሩ በእጅ የተለጠፈ በማታ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስት። ስድስት። ቆምሁ።
«አራት የለም» አልኋት። «አውቃለሁ» አለች። ደገምሁ።

ሞዴል ሃያ ሁለቱን አወጣች፣ ጠርዙ የበሰበሰ፦
«ባዘዘው ደርሶ፣ ዐሥረኛ ለ፣ ተከላካይ።
አንድ ማልያ፣ ቁጥር አራት። ተመላሽ።» ከላይ
ቀኑ፦ የካቲት ሰባት፣ ስድሳ ዘጠኝ።
ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልነገረኝ።

የነገረኝ ጋሽ ውባንተ ነው፣ የያኔው አሠልጣኝ፣
ጃንተከል ዋርካ ሥር አንድ ቅዳሜ ሲያገኘኝ።
«ጎበዝ ነበር ብዬ አልዋሽህም፤ አንካሳ ሮጦ ያመልጠዋል፤
ግን ደብረ ታቦር ስንወጣ፣ ትሬንታ ኳትሮ ላይ፣ ብርዱን በቀልድ ያስረሳሃል።
አንዴ በራሱ ጎል ላይ አገባ። ዘንጉ ሥር ቁጭ አለና
‹ጋሼ፣ አግብቼ አላውቅም፤ ዛሬ ተሳካልኝ› ብሎ ሳቀና...»
ጋሽ ውባንተ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አስተካከለ።

«ያን ቀን ልምምድ ነበር። እሁድ የሚጠብቁን የብልኮ ልጆች።
‹ለብሼው ልሂድ፣ ይሞቀኛል› አለኝ። ሰጠሁት በእነዚህ እጆች።
ሳሙና በር መኪና ቆሞ ነበር አሉ፣ መብራቱን ያጠፋ።
እሁድ ዐሥር ሆነን ገባን። ዳኛው ቆጠረን፤ አንገቱን ደፋ።»
«ስንት ለስንት አለቀ?» አልሁት። «እሱን ብልኮዎችን ጠይቅ፤
እኔ ያየሁት የግራ ጥጉን ነው፤ ባዶ ሜዳ እንዴት እንደሚሰፋ፣ እንደሚርቅ።»

ኦዲተር መጣ ከክፍለ ሀገር፤ «ዐሥራ ሁለት ብር ይከፈል» አለ።
ክንዱ፣ የያኔው ዕቃ ጠባቂ፣ ከደመወዙ ቆጥሮ ደረሰኙን ተቀበለ፣
መስመሩን ግን አልሰረዘም። «ዕዳው አለቀ» ቢሉት ተቆጣ፦
«የከፈልሁት ገንዘብ ነው፤ ማልያው መቼ መጣ?»
ከክንዱ ለአታላይ፣ ከአታላይ ለገብረየስ፣ ከእሱ ለጌጤነሽ፤
መንግሥት ሲለወጥ ማኅተሙ ተለወጠ፤ ቃሏ ግን ያችው ናት፦ «ተመላሽ»።

አዲስ ማልያ ሲሰፋ፣ ሰፊዎቹ ከሦስት ወደ አምስት ይዘላሉ።
የዛሬ ልጆች «አራት የለበሰ እግሩ ይሰበራል» ይላሉ።
አላረምኋቸውም።

አሁን ኮምፒውተር መጥቷል። የሚያውቀው ሁለት ነው፦ «አለ» እና «ተወግዷል»።
ሁለቱንም አልነካሁም። ማሽኑ እስካሁን ይጠይቀኛል።
በወረቀቱ ላይ ግን፣ ከአራቱ ፊርማ ግርጌ፣
የሌለውን ማልያ ተረከብሁ፣ ስሜን አድርጌ።

ጌጤነሽ ቁልፉን ሰጠችኝ። ዝናቡ አላባራም።
ከአንገቷ የወሰደው ሙቀት ገና አልበረደም።