አራተኛው ቀዳዳ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከቆርቆሮ ተራ፣
ቁጭ ብዬ ሳወጋ ከስጦታው ጋራ፣
ጫማ ሰፊው ስጦታው፣ ቀበቶዬን ወስዶ በወስፌው ወጋና
«አራተኛው ነው» አለኝ፣ «ጋሼ እብሬ፣ እንዴት ነው ጤና?»

ሳቅሁ። በእኛ ሰፈር ሆድ የሀብት መዝገብ ነው፣
ያልፍለታል ይባላል ሱሪ የጠበበው።
«አማረብህ» ይላሉ ያገኙኝ በሙሉ፣
«ደሴ ተስማማችህ፣ ጉንጭህ ሞላ» እያሉ።
አንድም ሰው አላየኝ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ
ቆሜ ሳለከልክ፣
ወሬ የያዝኩ መስዬ
በተዘጋ ስልክ።

ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ይወቅጣል፣
ትራሴን ባገላብጥ ተከትሎኝ ይመጣል።

ወንድሜ ሙሄ ግን የኩታበር ሰው ነው፣
ሞፈር ያቀጠነው፣ ነፋስ የጠረበው፣
ጎኑ ከሩቅ የሚቆጠር፣
ሱሪውን በሲባጎ የሚያስር።
በግ ሊሸጥ መጥቶ እኔ ቤት ባደረ፣
ማልዶ ጤና ጣቢያ አብሮኝ ተሻገረ፤
ታማሚው እኔ ነኝ፣ እሱ አስታማሚ ነበረ።

ሲስተር ዘምዘም መጣች፣ ሚዛኑን አሳየች፣
ወጣሁ። መርፌው ሮጠ። «መቶ ሁለት» አለች።
ጨርቋን ክንዴ ላይ ጠምጥማ ነፋቻት፣
አየሩ ፉ ብሎ ሲወጣ ቁጥሯን ጻፈቻት።
«መቶ ሃምሳ፣ በዘጠና አምስት። ጨው ይቀንስ፣ ጮማ፣
ባጃጁን ይተዉት…»
ሙሄ ይህን ሲሰማ
በጋቢው ጫፍ አፉን ከድኖ ሳቀብኝ፦
«ወይ ጉድ፣ ጥጋብም ያማል? ለእኔም በደረሰኝ!»

እሷም ለቀልዱ ቀልድ፦ «እስቲ ክንድዎን ያምጡ፣
ከመጡ አይቀር ይለኩ፣ በነፃ ነው፣ ይቀመጡ።»

ጨርቋ ቀጭን ክንዱን ሁለቴ ዞረችው።
ነፋች። ደግማ ነፋች።
ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደምታዳምጥ
ጆሮዋን አዘነበለች።
በሌላው ክንድ ለካች።
ወንበር ሳበች።
«መቶ ዘጠና ስድስት» አለች።

«ምን በልቼ?» አለ ሙሄ።
«ቅቤ ከአረፋ ወዲያ በአፌ አልዞረ፣
ሥጋስ ቢሆን ዘንድሮ ስንቴ ነበረ?
እኔ ምን በልቼ!»
ያልሰረቀ ሰው ሲከሰስ እንዲያ ነው ድምፁ።

ጨው? «እሱማ አይታጣም፣ ከባቲ ይመጣል፣
ሽሮው ያለሱ ምን፤ ቡናውም በጨው ይጠጣል።»
እንቅልፍ? «ልጄ ዐረብ አገር ናት፣ የደወለች አንዴ፣
ማዳበሪያው በዕዳ፤ እንዲህ ሆኖ ይተኛል እንዴ?»
ራስ ምታት? «የቆየ ነው።
በሻሽ ጥብቅ አርጌ፣ አስሬው አርሳለሁ፤ ልማዴ ነው።»

የሀብታም ነው ብለን ስም ያወጣንለት
ለካ ደጅ አይመርጥም፣ የሣር የቆርቆሮ ቤት።
እኔን በቀበቶዬ ቀዳዳ እየቆጠረ ሲመጣ አየሁት፣
ሙሄን በየት ገባ? በቅጥነቱ እኮ ስንት ዓመት ቀናሁበት!
ስሙን «ግፊት» አሉት። ማን ይሆን የገፋው?
ዕዳው? ጨው? ወይስ ልጁን ሲጠብቅ ያለፈው?

የአንድ ወር ክኒን ይዞ፣ በጉን ሸጦ ሄደ።
እኔም ባጃጅ ትቼ፣ ከጦሳ ግርጌ እግሬ ጎህ ለመደ፤
ሦስት እርምጃ፣ ዕረፍት።
አራት እርምጃ፣ ዕረፍት።
ከታች ደሴ ጉሙን ተከናንባ መብራቷን ስታጠፋ
ስልኬን አወጣሁ፤ ዛሬ የተከፈተውን።

«ሙሄ፣ ዋጥከው?»
«ምኑን?»
«ክኒኑን!»
«እሱማ… የጎረቤቱ ሽማግሌ ራሱን ሲያመው፣
የዘይነባ እናትም ሲያዞራት፣
አንድ አንድ አደልኩት።
ሰው እያየኝ ብቻዬን ልዋጠው?»

ምን እንደምለው ጠፋኝ።
ነፋሱ በመካከላችን አለፈ።
ከዚያ እሱ፣ ዝግ ብሎ፦
«አንተስ፣ ምን ሆነህ ነው
እንዲህ የምታለከልክ?»