ለሌንሴ፣ ክረምት ሳይገባ

ሌንሴ፣ ቤት ገዛችሁ፤ ደስ ብሎኛል በጣም፣
ትርፉን ቁልፍ ስትሰጪኝ ግን እንቅልፌ አልመጣም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ስመታ፣
እኔ ቤት የማየው ከላይ ነው በተርታ፤
ሰው ሳሎን ያደንቃል፣ ቀለምና መስታወት፣
እኔ የምቆጥረው ምስማር ነው፣ ቀዳዳ፣ ዝገት።

የአዳማ ሰማይ ደግሞ ቃሉን አይጠብቅም፣
ግንቦትን በአቧራ ያሳልፋል፣ መምጫውን አይነግርም።
እዚህ ጠብ ሳይል፣ አቧራው እንዳለ፣
ጎርፉ በር ይመታል፣ ቦኩ ላይ ስለጣለ።
ሳህን ናት ከተማችን፣ ጠርዟ ኮረብታ፣
ጠርዟ ላይ የጣለው መሀሏ ነው ማታ።

ስለዚህ ሚካኤል ሳይደርስ፣ በዚህ በሰኔ፣
ባልሽ መሰላል ይዋስ፤ የለም ካለ ከእኔ።
አሸንዳው ውስጥ እጁን ይክተት እስከ ክንዱ፤
የወፍ ጎጆ፣ ፌስታል፣ ያምና ቅጠል፣ ጉዱ!
ሲሄድ የምስማሩን መስመር ብቻ ይርገጥ፣
ከሥሩ እንጨት አለ፤ መሀሉን ከረገጠ ግን
ሳሎን ነው የሚቀመጥ።

አንድ ምስማር ስትላላ ነፋስ ጣቱን ያስገባል፣
ጣቱን ካስገባ ወዲያ ክንዱን ማን ይመልሳል?
አንድ ዓመት አንድ ቆርቆሮ ከጣሪያ ተነሥቶ
የጋሪ ፈረስ ጆሮ ቆረጠ፣ ገበያ መሀል ገብቶ።

"ጊዜያዊ ነው" አለ ደላላው፣ ያን ሽቦ፤
ሰባት ክረምት አልፎታል፣ እርጥብ ልብስ ደርቦ።
ጎርፍ ደጅ ከደረሰ፣ አጥፊ ከቆጣሪ፤
ከዚያ በፊት ግን ባለሙያ ጥሪ፣ ብሩን አትቁጠሪ።

አዳማ ቆላ ናት ብለሽ አትዘናጊ፤
የሐምሌን ሌሊት ዝናብ፣ የኦብሳን ልብስ ልታደርቂ ስትፈልጊ፣
ከሰሉን ከመኝታ ቤት አውጪው፣ አመድ ለብሶም ቢሆን፤
አያስልም፣ አይቆነጥጥም፤ ይመጣል እንቅልፍ መስሎን።

"አባዬ፣ አበዛኸው" ትያለሽ። እውነት ነው፤
ያልነገርኩሽ ነገር ነው እኔን የሚያስለፈልፈው።

ሦስት ዓመትሽ ነበር፤ ሰኔና ሰኞ ገጥሞ፤
እኔ ከሰው ጣሪያ ላይ፣ አፌ ምስማር ለቅሞ፣
የራሴ ደጅ ቦይ ግን ጭቃ ነው፣ ድንጋይ፣
"ነገ እጠርገዋለሁ" ያልኩት፣ የነገ ሲሳይ።
ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይባላል፤
አይቻለሁ ስትስቂ፤ እግርሽ ሥር ይሮጣል፣
ቀይ፣ የቦኩ አፈር። አንድ ጫማሽን ነጠቀሽ፤
ጫማሽን ተከተልሽ፣ ሌላውን እንዳደረግሽ።
ልጮህ ፈለግሁ፤ አፌ ምስማር ነው። ተፋሁት።
ልዝለል፣ ልውደቅ አላውቅም፣ ጣሪያውን እንዴት እንደወረድሁት።
ስደርስ ባለጋሪው ቱፋ ቀድሞኛል፣ በቀሚስሽ ይዞሽ፣
አንድ እጁ ከግራሩ ጋር፤
አንቺ ግን "ጫማዬ" ነበር ልቅሶሽ።

የቀረችው ጫማ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለች፤
ምስማር እይዝባታለሁ፤ እስካሁን አላረጀች።
ለእናትሽ "ቦዩ በድንገት ተዘጋ" ብያታለሁ።
አልጠየቀችኝም። ማወቋን ግን አውቃለሁ።

አሁን ኦብሳ ደግሞ መሮጥ ጀመረ አሉ።
ከደጃችሁ እስከ መንገዱ ቦይ ለክቼዋለሁ፤
በእኔ እግር ዐሥራ አንድ ነው።
በእሱ እግር ሃያ ስምንት ይሆናል፣ ከሳቀ ደግሞ ያነሰ።
የቦዩን ክዳን ለብረት ሸጠውታል፤ ለቀበሌ ተናግሬያለሁ፣
እስኪመጡ ግን ሳንቃ ቆርጫለሁ፣ ሁለት፣ ወፍራም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከላይ ኮሽታ ከሰማሽ፣
ዝናብ መስሎሽ የተሰጣ ልብስ ልታነሺ አትሩጪ፤
ተኚ፣ ልጄ፣ ልጅሽን አቅፈሽ።
አባትሽ ነው ጣሪያ ላይ፤
ምስማሩን ኪሱ ከትቷል፣
አፉን ባዶ አድርጎታል።