ሳይጠነጠን

አቃቂ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ፣ ከፈትል ፋብሪካው ጓሮ፣
አንዲት ክፍል ነበረች፣ መስኮቷ በካርቶን ታጥሮ።
ቀን ማሽኑ ጥጥ ሲፈትል ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፣
ሌሊት ሰርቨሩ ያጉረመርማል፣ ከወንዙ ሽታ ይመጣል።

ዩኒክስ ነው ቋንቋው። ዲስኩ ለአምስት የተከፈለ፣
እንደ ወንድማማች ርስት ድንበር የተተከለ፦
ሥሩ አንድ፣ ሂሳቡ ሁለት፣ ደሞዙ ሦስት፣ መጋዘኑ አራት፣
አምስተኛው የሁላችን ጓዳ፣ ኮተት የሞላበት።

ካሴት ግን አንድ። ግዢ ክፍል “በጀት የለም” ብሏል ዓመቱን፣
“አንዱ ላይ ደርድሪያቸው” አሉኝ፣ አምስቱን።

ጋሽ ዘርጋው፣ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት የቀረው፣
“ከማጫወቻው ስም ፊት አንዲት ፊደል ጨምሪ” ብሎኝ ነበር፤
ሰማሁት ወይ አልሰማሁት፣ ማን ያውቀው።
“ልቃቂት ማለት ነው ካሴቱ፣ ትርንጎ፤ አንዱን ጽፈሽ ስትጨርሺ፣
ካልከለከልሽው ይጠነጠናል፤ በጻፍሽው ላይ ትጽፊያለሽ ስትመለሺ።
እንደኛው ‘አት’ ናት ፊደሏ፦ ጠንጥን፣ አትጠንጥን፤
በር ላይ የቆመች ዘበኛ ናት፣ አትናቂ ትንሽነቷን።”

ዓርብ ሌሊት ነበር። ሥሩን ቀዳሁ፦ “ተፈጸመ” አለኝ።
ሂሳቡን፦ “ተፈጸመ”። ደሞዙን፦ “ተፈጸመ”። ምን ሊያጠራጥረኝ።
በየመሐሉ ካሴቱ ዚርርር ይላል፣ ወደ ኋላ ሲሮጥ፣
ሥራ የሚሠራ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ስቀመጥ።
ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አምስት መስመር ጻፍኩ፣
ፊርማዬን አኖርኩ፣
ቆልፌ የገላን ሰርቪስ ተሳፈርኩ።

ግንቦት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት መጣ፣
ከዲስኩ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ።
ካሴቱን አስገባሁ። “ሁለት ዝለል፣ ሦስተኛውን አንብብ” ብዬ አዘዝኩት፣
“ከዚህ ወዲያ ባዶ ነው” አለኝ። ደገምኩት። ሠለስኩት።
አንድ ብቻ ነበር ያለው። ጓዳው። የአምስተኛው ኮተት፦
የእድር ዝርዝር፣ የኳስ ሰንጠረዥ፣
አንድ የፍቅር ደብዳቤ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ዕለት።
አራቱን አንዱ አንዱን ውጦት ነው።
“ተፈጸመ” ያለኝ እውነቱን ነው። የዋሸው ቀዩ እስክሪብቶ ነው።

ደሞዝ በሦስተኛው ቀን። አራት መቶ ፈታይ በመስኮቱ ተሰልፏል፣
ሥራ አስኪያጁ እኔን ያያል፣ እኔ ወለሉን፤ ማን ማንን ይረዳል?
እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ የማዳወሪያዋ፣
የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የሚያዝያ ወረቀቷ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
ከነዳቦ ፍርፋሪው፣ ከነላቡ፣ አንድ ቁጥር ያልረገፈ።
ሌላዋም ፈታች። ሌላው ከኮቱ ኪስ፣ ከባርኔጣው ገበር፣
ቋጠሮው እምቢ ብሎት በጥርሱ የፈታም ነበር።
እስከ ማታ በእጄ ገለበጥኩ፣ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት፤
የቀሩት አራቱ በቃላቸው፣ ማንም አልጠየቀም ምስክርነት።

አሁን ፊደሏን እጽፋለሁ። ጽፌም አላምናትም፤
ካሴቱን ራሴ አስጠንጥኜ አምስቱንም ሳላነብ ሰርቪስ አልሳፈርም።
ጋሽ ዘርጋው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ በግ ያረባል ይሉኛል።
ያ ደብዳቤ ግን አለ። በየዓርቡ፣ አምስተኛው ላይ፣ ከኮተቱ ጋር።
የጻፈው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።
ይቀዳል።