ሁለተኛዋ ዓይን

እኔ ሰሌዳ ጻፊ ነኝ፣ አራዳ ነው ቤቴ፤
«ሥጋ ቤት»፣ «ጸጉር ቤት»፣ «ጎሚስታ» — ይኸው ነው ትምህርቴ።
ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አደይ ሳይፈነዳ፣
ሸራ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወረደ አንድ ግሪክ እንግዳ።
ስሙ ስታማቲ። ግድግዳዬን ዐይቶ፣ ጠርዙን ዳሰሰና፣
«ይህን ቀይ ማን ቀባው?» አለኝ በምልክት፣ ወንበሬን ሳበና።

እኔስ መስሎኝ ነበር
እንደ ሌላው ፈረንጅ በሩቁ ቆሞ የግንብ ድንጋይ ሊቆጥር።
እሱ ግን ጀርባውን ለፋሲል ግንብ ሰጠ፤
ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ በሳጥን ላይ ተቀመጠ።
ሣለ፦ የተልባ ስፍር፣ የባጃጅ ጎማ፣
ልብስ ሰፊውን ባሻ ውብነህን፣ መርፌ ነክሶ ሲያማ፣
ዶሮ ቁልቁል ይዛ የምትከራከር ሴት፣
የቀን ሠራተኛ ሲመሽ እግሩን ቀሃ ወንዝ ሲከት።

ቋንቋ አልነበረንም፤ ቀለም ነው ያግባባን።
እሱ «እናቴ» ሲል ነጭ አሳየኝ፣ ባሕር በጨው ያደቀቀው፤
እኔም «አባቴ» ስል የሸክላ ቀይ፣ ዝናብ ያለቀለቀው።

ጥሉ የመጣው በእትዬ እንጉዳይ ነው፣ በጌሾ ሻጭዋ።
በጎን ነበር የሣላት፣ አፍንጫዋን ከነንቅሳትዋ።
ሸራውን ዐየችና ሚዛኗን ጣለች፦
«ምን በደልኩህ አንተ? ሌላዋ ዓይኔ የታለች?
ባንድ ዓይን የሚሣሉ ይሁዳና አላውያን ናቸው፤
ሥላሴ ሄደህ እይ! ጻድቃን ሁለት ነው ዓይናቸው።
እኔ ስፍር አላጎድል፣
ጌሾዬ ላይ ሣር አልቀላቅል!»
ገበያው ሳቀ።
እሱ አልሳቀም፤ ብሩሹ ላይ ቀለሙ ደረቀ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት። ጫማ አወለቅን፣ ገባን።
ጣራው ሁሉ ፊት፣ ፊቱ ሁሉ ዓይን፤ የትም ጥግ ብንቆም አየን።
ብዙ ቆመ።
ከዚያ ጥግ ላይ አንዱን ርጉም፣ ባለ አንድ ዓይኑን ጠቆመ፤
ውጭ ስንወጣም በጣቱ ገንቦ በአየር ላይ ቀርጾ፣
የገንቦው ሆድ ላይ ሰዎች አስሮጠልኝ፣
ጀግናውንም፣ ሙሽራይቱንም፣ ሁሉንም በጎን፤
ትከሻውንም ነቀነቀ፦ እኛ ጋ ነውር አይደለም።

ቅዳሜ ግን ተመልሶ ከጌሾው ፊት ቁጭ አለ፤
ግማሽ ቀን ፋቀ፣ ለካ፣ አዲስ ፊት፣ አዲስ ዓይን ሣለ።
እሷም ደንበኛ ቢጠራት «ቆይ» እያለች ጠበቀች፤
ሲጨርስ ዐየችው። ምንም አልተናገረች።
አንድ እፍኝ ጌሾ ዘግና ኪሱ ውስጥ ጨመረች፤
«ምርቃት ነው» አለች።

ሲሄድ አንድ ሸራ ተወልኝ፦ ራሱን፣ በጎን፣ ባንድ ዓይን።
ደንበኛ ሁሉ ይጠይቃል፦ «ማነው ይሄ ርጉም?»
መልስ ሰልችቶኝ አንድ ሌሊት ብሩሽ ነከርኩ፣
ሁለተኛዋን ልጨምርለት፤
በጎን ለዞረ ሰው ግን ቦታ ከየት?
ሸራውን ገለበጥኩና
ከጀርባው ሣልኩለት።

ያቺ ዓይን ከግድግዳዬ ጋር ፊት ለፊት ናት፣ ከዚያ ቀይ ጋር።
ዘንድሮ መታደስ ነበረበት፤ ተላልጧል።
ተውኩት።